መቶ ሃያ ሰዓት

በርኒ ወደቡ ላይ ነፋሱ አያርፍም፤
ከመርከብ የተረፈ የእንጨት ፍቅፋቂ
ሲዘግን፣ ሲበትን፣ ከቶ አይሰለችም።
እኔ ደግሞ እዚያው፣ የመዝገብ ጠባቂ፣
ቁልፉን ባንገቴ ላይ እንደ ክታብ አስሬ፣
አቧራ ስጠርግ ነው የነጣው ፀጉሬ።

ትምህርት ቤት ብንባል ሁለት ክፍል ነን፤
በታዝማኒያ ጠረፍ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፤
አንድ አልጋ፣ አንድ ማንሻ፣ አንድ የላስቲክ ሰው፣
ሚስተር ሃርግሬቭ ብለን ስም ያወጣንለት፤
ተማሪ በየቀኑ ገላውን እያጠበ፣
ጎኑን እያገላበጠ፣
ሽማግሌ መጦር የሚማርበት።

በነሐሴ ነበር፣ ብርዱ ሲበረታ፤
የሥራ ልምምድ ቅጽ ስደረድር ማታ
አሥራ አንድ ፊርማ አየሁ፣ ባንድ እጅ፣ ባንድ ቀለም፤
መቶ ሃያ ሰዓት፣ ጉድለት አንድም የለም።
ሠሩበት የተባለው የአረጋውያን ቤት ግን
በጉንፋን ወረርሽኝ ተዘግቶ ነበረ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘመድ ጠያቂ እንኳ
ከመስኮቱ ማዶ እጅ ነስቶ ዞረ።

አስተማሪው ኮሊን ደግ ሰው ነው እኮ።
"ሥራው ይጠብቃል፣ ኪራይ አይጠብቅም፤
ሦስት ሳምንት ቢጎድል ሰው አይሞትም" አለ።
ክፋት አልነበረው። እሱ ነው የከፋው።

ማንም አላየንም። መሳቢያው ጥልቅ ነው፤
ወረቀት እንደ ሰው አይጮህ ሲቀብሩት።
ሌሊቱን ቁልፉ ደረቴን ሲቆረቁረኝ አደረ።

ለግዌንዳ ነገርኳት፣ ለዳይሬክተሯ።
ሻይዋ እስኪበርድ ድረስ ስልኩን ስታይ ቆየች፤
እኔን አላየችም።
ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደወለች።
ማንም ሳይጠይቃት፣ "ጥፋት አለብን" አለች፤
ስሟን ለጸሐፊዋ
ፊደል በፊደል እየለየች።

ቁጣ ጠብቀን ነበር፤ ቁጥር ይዛ መጣች።
ሻንቲ ራትናያኬ፤
እርጥብ ጃንጥላዋን ከበራፉ አቁማ፣
ሻያችንን "አይፈቀድልኝም" ብላ፣
ከራሷ ፔርሙስ ቀዳች።
ግዌንዳ መሳቢያውን አንድ በአንድ ከፈተች፤
ያልተጠየቀችውንም፤
የአምናውን ቅሬታ፣ የማንሻውን ጥገና፣
ደረሰኙ የጠፋውን።
እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን መታ አደረግሁ፤
እግሯን ሰብስባ ቀጠለች።

በሁለተኛው ቀን፣ ከአሥራ አንዱ አንዷን፣
ብሪዮኒ የምትባለውን፣
"እስቲ ከአልጋ አንሺው" አለቻት።
ልጅቱ ደፈረች፤
ብብቱ ውስጥ ገብታ በጉልበቷ ሳበች።
የሚስተር ሃርግሬቭ ትከሻው ቷ አለ፤
ክንዱ ተንጠለጠለ።
"ላስቲክ ነው..." አለች ብሪዮኒ፣ ከንፈሯ እየራደ።
"ዛሬ፣ አዎ" አለች ሻንቲ።
ጻፈች።
ኮሊን ወደ መስኮቱ ዞሮ
የፍቅፋቂውን ክምር አየ፣ አየ፣ አየ።

ደብዳቤው በአሥረኛው ቀን፣ ሦስት ገጽ ተኩል፦
ሰርተፍኬት ይመለስ፤ ሰዓቱ ይሟላ፤
ከተማሪ ኪስ ሳንቲም አይጠየቅ፤
በየወሩ ሪፖርት።
ለጣሪያው ያልነው ገንዘብ ለአሠልጣኝ ደመወዝ ሆነ፤
ጣሪያው ማፍሰሱን ቀጠለ፣ እኔም ባልዲ ማንሣቴን።
የሰፈሩ ጋዜጣ ስማችንን በትልቁ፣
ራሳችን መደወላችንን በትንሹ ጻፈ።
አዲስ ከተመዘገቡት አራቱ ቀሩ።
ግዌንዳ ሪፖርቱን ስትጽፍ አንዳንዴ ትሳደባለች፤
ግን በወሩ መጀመሪያ፣ ከሌላው ደብዳቤ ሁሉ በፊት
የሻንቲን ፖስታ ታሽጋለች።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኝ ተመለሱ።
አንዱ ሰደበን። አንዷ ስልክ አታነሣም፤
ስሟን በእርሳስ ጽፌ ቦታዋን ትቻለሁ።

ትናንት ጧት ቅጽ ይዤ ወደ አረጋውያኑ ቤት ሄድኩ።
ብሪዮኒ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣
አንድ የወደብ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ፊት ቆማለች።
ማንሻውን አየች፣ ማሰሪያውን ዳሰሰች፣
ዓይናቸውን አየች።
"ሦስት እስክቆጥር፣ እሺ? አብረን ነው የምንነሣው።"
"እኔ ቀስ ብዬ ነው የምቆጥረው" አሉ ሽማግሌው።
"እኔም" አለች።
አንድ...
በሩ ላይ እንደቆምኩ ብዕሬን አወጣሁ፤
ሁለት...
ከቅጹ አናት፣ ከባዶው መስመር ላይ ጻፍኩ፦
የመጀመሪያ ሰዓት።